የአመዴ ቤት ምስክር

በፎገራ ሜዳ ሰዎች ሲገናኙ «እንዴት አደራችሁ» መባባል ከተዉ ቆይተዋል። «መብራታችሁ እንዴት አደረ?» ነው የሚሉት። በየቤቱ በር ላይ፣ ከመቃኑ ከፍ ብሎ፣ ጡጫ የምታክል ክብ መብራት አለች። አረንጓዴ ከሆነች የቤቱ ሩዝ ደኅና አድሯል። ቢጫ ከሆነች አንድ ነገር ተጠርጥሯል። ቀይ ከሆነች ደግሞ ከዚያ ቤት ማንም ሰው ሳይፈቀድለት አይወጣም። ልጆች አፍ ሲፈቱ ከ«እማ» ቀጥለው የሚሉት ቃል «አረንጓዴ» ነው እየተባለ ይሳቃል፤ ግን እውነትነት አለው።

ጧት ጤዛው እስኪረግፍ ከቤት መውጣት ክልክል ነው። በጤዛ ሰዓት ሩዝ መሐል ያለፈ ሰው የአንዱን ማሳ በሽታ በሱሪው ጫፍ ወደ ሌላው ያደርሳል። ስለዚህ ቅዳሴ ወደ ረፋድ ተዛውሯል። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ፀሐይ ቅጠሉን ካደረቀች በኋላ ነው። ምጥ ለያዛት ሴት እንኳ የጤዛ ፈቃድ ይጠየቅላታል። ክረምት ከገባ ሠርግ የለም። ለቅሶ ግን አይቀርምና፣ ለቀስተኛው በቀበሌው ድንበር ላይ እግሩን መድኃኒት ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ የሚሰጠውን ስስ ነጭ ካባ ደርቦ ይገባል፤ ሲወጣ እዚያው አውልቆ ይጥለዋል። ነጠላ ለብሶ ለቅሶ መሄድ ቀርቷል። ነጠላ የበሽታ ብናኝ ይይዛል።

ሜዳው ከወረታ እስከ ሐይቁ ዳር አንድ ዓይነት ሩዝ ብቻ ነው የሚዘራበት። ስሙ ፅኑ ይባላል። ከእሱ በፊት የነበሩትን ዘሮች ተራ በተራ የጨረሳቸው የቅጠል ፈንገስ ነው፤ ቅጠሉ ላይ መሐሉ አመድ የመሰለ ጠባሳ ስለሚተው ገበሬው አመዴ ይለዋል። ፅኑን ግን አልደፈረውም። ስለዚህ ፎገራም ደንቢያም፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ቆላዎችም ፅኑን ብቻ ዘሩ፤ የሌሎቹ ስም ከሽማግሌዎች በቀር የሚያውቀው ጠፋ።

በሜዳው ዳር አንድ ትልቅ የመስታወት ቤት ቆሟል። በሩ ላይ «የሰብል ምስክር ጣቢያ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሰዉ የሚለው ግን አመዴ ቤት ነው። ውስጡ ሩዝ የሚዘራው እንዲታመም ነው። በሁለት ሺህ ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ክረምት እዚያ ቤት ውስጥ የነበረችው አንጓች ሙጬ ናት።

አንጓች አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ገበሬ ነበረች። ከመግባቷ በፊት ከአባቷ ከአያ ሙጬ፣ ከታናሽ ወንድሟ ከይርሳው፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በአንድ ግቢ ትኖር ነበር። ምስክር እንድትሆን የመረጧት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው። ይርሳው አንድ ጊዜ ከጎረቤቱ ጋር በቦይ ውሃ ተካሶ እሷ ተጠርታ ስትጠየቅ ውሃውን የሰረቀው ወንድሟ መሆኑን ተናግራለች። የምርጫው ዕለት ማንም ይህን ጉዳይ ከፍ አድርጎ አላነሳውም፤ ግን ሁሉም እሱን አስቦ ነው እጁን ያወጣው። ይርሳውም አውጥቷል።

ምስክር የሚባለው ሥራ የመጣው ከስህተት አጨዳ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ሜዳውን ከላይ የሚቃኙት ማሽኖች አመዴ አየን አሉ። ሕጉ በሚያዘው መሠረት ሜዳው በሙሉ ሳያብብ በአረንጓዴው ታጨደ። ቆይቶ ሲጣራ በቅጠሉ ላይ የታየው ነጠብጣብ የማዳበሪያ ጉድለት ሆኖ ተገኘ። ያን ዓመት ሰው ተርቧል፤ ደካማ ደካማው ሞቷል። የአንጓች እናት ከሟቾቹ አንዷ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለወጠ፤ ማሽን ያያል፣ ሰው ይመሰክራል። በገበሬ የተመረጠ ገበሬ በዓይኑ አይቶ ጣቱን ካላሳረፈ ማጨጃ አይንቀሳቀስም። ባለሥልጣናቱ ይህ ለገበሬው ክብር ሲባል የተደረገ ነው ይላሉ። ገበሬው ደግሞ የሚወቀስ ሰው ፈልገው ነው ይላል።

ምስክሩ ሰኔ ላይ ድርብ በሩን አልፎ ከገባ፣ የታመመው ገለባ ተቃጥሎ እስኪያልቅ፣ እስከ ኅዳር አይወጣም። ምግብ በመስኮት ይገባለታል። እሑድ እሑድ ዘመድ ከመስታወቱ ውጪ በርጩማ ላይ ይቀመጥና በድምፅ ማጉያው ያወራዋል።

የአንጓች ሥራ በልጅነቷ የተማረችውን ሁሉ መገልበጥ ነበር። አመዴ የወፈረ ቅጠል ስለሚወድ ማዳበሪያውን ከልክ በላይ ትሰጣለች። ማታ ማታ ጉሙን ትለቃለች፤ ቅጠሉ ረጥቦ እንዲያድር። በየሳምንቱ በሜዳው ላይ የተተከሉት ምሰሶዎች ከነፋሱ የለቀሙት ብናኝ በትንንሽ ብልቃጥ ይመጣላታል፤ እሱን በሩዞቹ ላይ ትነፋለች። በመደብ በመደብ የተዘሩት የዱሮ ዘሮች ናቸው፣ የሚታመሙት። በመሐላቸው አንድ መደብ ፅኑ አለ። እሱ አይታመምም። ከታመመ በሜዳው አየር ላይ አዲስ ዓይነት አመዴ አለ ማለት ነው፤ ቤቱ የተሠራው ይህችን ለማወቅ ነው።

ሕመሙ የሚሄድበትን መንገድ አንጓች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓይኗን ጨፍና ልትናገር ትችል ነበር። ብናኙ እርጥብ ቅጠል ላይ አርፎ ይጣበቃል። ከራሱ መርፌ የመሰለ ነገር አውጥቶ የቅጠሉን ቆዳ ይበሳና ይገባል። ከዚያ ለተወሰኑ ቀናት ምንም አይታይም። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ መንገደኛ ቢያየው ያደንቀዋል። በየቅጠሉ ላይ የተቆነጠጡት መለኪያዎች ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። ቅጠሉ ከብርሃኑ የሚሠራው ምግብ ቀንሷል። መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይጠባሉ፤ ውሃው ስለማይተን ቅጠሉ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ይግላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ትንፋሹ ከጤነኛው ይበልጣል፤ ቀን የሠራትን ጥቂት ስኳር ያቃጥላታል። የተረፈውን ፈንገሱ ወደ ራሱ ይስበዋል። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው ነጥቧ የምትወጣው። መጀመሪያ ውሃ ያረፈባት ትመስላለች፤ ትረዝማለች፤ ሁለት ጫፏ ይሾላል፤ ጠርዟ ቡናማ፣ መሐሏ አመድ ይሆናል። ነጥቧ ትንሽ ናት። በዙሪያዋ ያለው አረንጓዴ ግን ሥራውን ከተወ ሰንብቷል።

ከአበባ በኋላ ደግሞ አመዴ ወደ አንገት ይወጣል። ፍሬ ከሚሸከመው ከዛላው ሥር ያለችውን ቀጭን አንገት ሲይዛት ከቅጠል ወደ ፍሬ የሚሄደው መንገድ ይዘጋል። ዛላው ነጣ ብሎ፣ ምንም ሳይሸከም፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንጓች መጀመሪያ ሰሞን ይህን ማየት ይከብዳት ነበር፤ ውሃ ልትጨምርላቸው እጇ ይሄድ ነበር። እያደር ለመደችው። ራሷን የታዘበችው አንድ እሑድ የይርሳው ሚስት ዘርፌ በማጉያው «ሩዞችሽ እንዴት ናቸው?» ብላ ስትጠይቃት «በጣም ጥሩ ናቸው፣ እያለቁ ነው» ብላ ስትመልስ ነው።

ነሐሴ መገባደጃ ላይ፣ በሜዳው ያለው ሩዝ ሊያብብ ተቃርቦ ሳለ፣ የፅኑ መደብ መለኪያ ተለወጠ። የዚያን ዕለት ጧት የፎገራ ሰው ሲነሣ በየበሩ ያለችው መብራት ቢጫ ሆና አገኛት። የአንዱ ቤት ወይም የአንዱ ቀበሌ ሳይሆን የሁሉም።

ወዲያው የደወለችላት ዶክተር ሐመልማል ናት። ባሕር ዳር ተቀምጣ ብዙ ሜዳዎችን የምትከታተል የዕፅዋት ሐኪም ነበረች፤ ድምፅዋ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ይመስላል።

«ወይዘሮ አንጓች፣ ፅኑ ምግቡን መሥራት እየተወ ነው» አለች። «ቅጠሉ ደኅና ይመስላል። ትኩሳቱ ግን ጨምሯል።»

«ውሃ አንሶት ይሆን?»

«አላነሰውም። መለኪያው አመዴ ነው ይላል። መለኪያው ደግሞ አንድ ጊዜ ተሳስቷል። ነጥቧ ስትወጣ አይተው የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ከዓርብ ካለፈ ግን ሜዳው ያብባል።»

የቀረውን ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ አንጓችም ታውቀዋለች። ካበበ በኋላ ማጨድ ትርጉም የለውም። በሽታው ካለ፣ ከፎገራ የሚነሣው ብናኝ በነፋስ ደንቢያ ይደርሳል፣ ከዚያም ፅኑ በተዘራበት አገር ሁሉ ይሄዳል። ፅኑ ያልተዘራበት ሜዳ ደግሞ የለም።

ጤዛው እንደረገፈ ይርሳው ደወለ። እየጮኸ አልነበረም። ልጆቹን በስማቸው እየጠራ ማን ምን እንደሚበላ፣ ጎተራው ውስጥ ምን እንደቀረ አንድ በአንድ ነገራት። የእርዳታ እህል ይመጣል ብትለው፣ በስህተት አጨዳም ዓመት ይመጣል ተብሎ እንደነበርና እናታቸው ከተቀበሩ በኋላ እንደመጣ አስታወሳት። በመጨረሻ «እታለም፣ እባክሽን» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ሰዎች መጡ። የቢጫ መብራት ሕግ ስለሚከለክል ተሰብስበው አልነበረም፤ አንዱ ከሌላው ራቅ ራቅ እያለ፣ በተሰጣቸው ነጭ ካባ፣ በመስታወቱ ዙሪያ ቆሙ። ማንም ድንጋይ አልያዘም፤ ማንም አልተሳደበም። አንድ ጎልማሳ ብቻ ወደ ማጉያው ጠጋ ብሎ፣ ይህ በሽታ ከሜዳው አየር ሳይሆን ከዚሁ ቤት የተወለደ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ስትቀልቢው የከረምሽው አንቺ ነሽ፣ በማዳበሪያና በጉም ያሳደግሽው አንቺ ነሽ፣ ውጪ ያለው ሩዝ ምን አደረገ አላት። አንጓች ሊሆን ይችላል አለችው።

ከቀትር በፊት ይርሳው አባቱን በባጃጅ ይዟቸው መጣ። አያ ሙጬ ክረምቱን ሙሉ ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር አንድም እሑድ አልመጡም። በርጩማው ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪሰበሰብ ቆዩ። ሰዉ ራቅ አለላቸው።

«ከስተሻል» አሉ።

«ደኅና ነኝ አባየ። እርስዎስ፣ ጉልበትዎ?»

«አለ።» ከዚያ ወደ መስታወቱ ቀረብ አሉ። «ያየሽውን ልጠይቅሽ አልመጣሁም። ዋሺም አልልሽም፤ ዋሽተሽ አታውቂም። እስከ ዓርብ ጊዜ አለሽ ይላሉ። እንግዲያው ቆዪ። ዝም ብለሽ ቆዪና ዓርብ ይለፍ።»

«መቆየት እኮ አባየ—»

«ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የማላውቅ መስሎሽ ነው?» ድምፃቸው አልጨመረም። «እናትሽን በማሽን ስህተት ቀበርኳት። አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቼን በልጄ እውነት ልቅበር?»

አንጓች ነጥቧ ገና አልወጣችም አለቻቸው። ፖታሽ የሚባለው ማዳበሪያ እጥረትም ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ እሷው ትናገራለች፣ መብራቱም ወደ አረንጓዴ ይመለሳል።

«ካልሆነስ?» አሉ አያ ሙጬ።

አባቷ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ተደግፈው ተነሡ። ይርሳው ክንዳቸውን ይዞ ወሰዳቸው፤ ወደ እሷ አልተመለከተም። ሰዉ ከሄደ በኋላ የመስታወት ማጠቢያው ማሽን ክንድ መጥቶ መዳፋቸው ያረፈበትን ቦታ በመድኃኒት አጠበው።

ነጥቧ የወጣችው በማግስቱ ነው። አንጓች ከፅኑ መደብ አጠገብ ተንበርክካ ስታየው ከላይ በሦስተኛው ቅጠል ላይ፣ ከደም ሥሩ ወደ ቀኝ፣ ውሃ የነካት የመሰለች አንዲት ነጥብ አገኘች። ሌሎቹን ቅጠሎች ሁሉ እያገላበጠች አየች። ሌላ የለም። የፖታሽ ጉድለት ቢሆን ኖሮ ከቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ነበር የሚጀምረው። ግን አንዲት ነጥብ ማስረጃ አይደለችም፤ መሐሏ አመድ እስኪሆን መጠበቅ ነበረባት።

ያን ቀን ቅጠሏን ሁለት ጣቷ መሐል ይዛት ብዙ ቆየች። ብትቀነጥባት ማንም አይጠይቃትም። የቤቱ ካሜራ ያያል፤ ግን ካሜራ እንዲመሰክር አልተፈቀደለትም። ሌላ ነጥብ እስኪወጣ ዓርብ ሊያልፍ ይችላል። አባቷ የለመኗት ይህንኑ ነው፤ ከዚያም ያነሰ ነው የለመኗት። ስለ ደንቢያ ለማሰብ ሞከረች። ደንቢያ የምታውቀው ሰው የለም። እዚያ ያለ አንድ ግቢ፣ እዚያ ያለ አንድ ሽማግሌ ለማየት ብትሞክር የሚመጣባት የአባቷ ፊት ነው። በኋላ ስትጠየቅ ቅጠሏን ያልቀነጠበችው ለምን እንደሆነ በደንብ ማስረዳት አልቻለችም። እጄ አልታዘዘኝም ነው ያለችው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የነጥቧ ሁለት ጫፍ ሾሎ፣ መሐሏ አመድ ሆኖ ነበር። ሁለት ሌሎች ቅጠሎች ላይም ነጥብ ወጥቷል። አንጓች ዶክተር ሐመልማልን ጠራቻትና ያ ጎልማሳ ያለውን ጠየቀቻት፤ በሽታው እዚሁ ቤት ውስጥ የተፈጠረ፣ ሜዳው ላይ ጨርሶ የሌለ ሊሆን ይችላል ወይ? ዶክተሯ ሊሆን ይችላል አለች። ለማጣራት ግን ከዓርብ የሚያልፍ ጊዜ ይወስዳል።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እሱን ልነግርዎ አልችልም።»

«አይፈቀድልዎትም ነው?»

«ቢፈቀድልኝም አላውቀውም» አለች ዶክተሯ።

አንጓች እጇን ታጠበች። የምስክር ጣት ወደሚያርፍበት ሰሌዳ ሄዳ ሕጉ የሚጠይቀውን አንድ ቃል ተናገረች፤ «አይቻለሁ።» ጣቷን አሳረፈች። ከመስታወቱ ማዶ ካለው ከመጀመሪያው ቤት በር ላይ ያለችው መብራት ቀይ ስትሆን አየች። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቤት፣ ከዚያም ሌላው፤ እስከምታይበት ድረስ ሁሉም ቀላ።

ማጨጃዎቹ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ገቡ። ሰው አይነዳቸውም። ሜዳው ላይ በሰልፍ እየሄዱ ሩዙን እየቆረጡ ወደተቆፈረው ጉድጓድ ወሰዱት፤ በላዩ ላይ ኖራ ተበተነ፣ ላስቲክ ተሸፈነ። ገበሬው ቤቱ ውስጥ ሆኖ ድምፁን ሰማ። አያ ሙጬ ብቻ ሕጉን ጥሰው ወጡ ይባላል፤ ማጨጃው ሳይደርስ በማጭድ፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ከማሳቸው ጥግ የቻሉትን ያህል ራሳቸው አጨዱ። ማንም አልከሰሳቸውም። አንጓች ይህን የሰማችው ምግብ ከሚያመጣላት ሠራተኛ ነው። ወደ አመዴ ቤት የሚገባው አየር ተጣርቶ ነው የሚገባው፤ ይሁንና የተቆረጠው ለምለም ሩዝ ሽታ ለብዙ ቀናት ውስጥ ድረስ ገባ።

ከዚያ በኋላ እሑድ ማንም አልመጣም። በርጩማው ዝናብ ላይ ቀረ።

በፎገራ ያን ዓመት የሩዝ አበባ ያየች እሷ ብቻ መሰላት። የፅኑ መደብ መስከረም ላይ አበበ፤ አመዴውም ወደ አንገቱ ወጣ። ከጥቂቶቹ በቀር ዛላዎቹ ሁሉ ነጡ። ፍሬ የያዙትን ስትፈለፍላቸው ግማሹ ገለባ፣ ግማሹ ኖራ የመሰለ ተሰባሪ ነበር። የነጡት ዛላዎች ፎቶ በየቤቱ ተላከ፤ ሜዳው ባይታጨድ ኖሮ የሚሆነው ይህ ነበር ተብሎ። ሰዉ አየውና፣ ይህ የአመዴ ቤት ሩዝ ነው፣ ጉም እየተነፋበት ያደገ ሩዝ ነው አለ። ነገሩን ለሚያስብ ሰው ይህም ልክ ነው።

የእርዳታው እህል በዚህኛው ጊዜ በጊዜው መጣ። ደንቢያ ሙሉ ምርት አግኝቶ ስለነበር የተላከው የደንቢያ ሩዝ ነው፤ በማጓጓዝ የተሰባበረ፣ አቧራ አቧራ የሚል። የበቃም ነበር፣ ለማለት ያህል። ከአያ ሙጬ ጎረቤት አንድ አራስ ከነልጇ ሞታለች፤ ከርሃቡ ነው ያለም አለ፣ አይደለም ያለም አለ። ደንቢያ ላይ አመዴ አልታየም። ከዚህ በመነሣት አንዳንዱ ፎገራ በመታጨዱ ደንቢያ ተረፈ አለ። ሌላው ደግሞ ያልነበረ በሽታ እንዴት ይታያል አለ።

ኅዳር ላይ ገለባው ተቃጠለና አንጓች ወጣች። ጠጉሯን ላጯት፤ ልብሷን አቃጠሉት፤ አዲስ ቀሚስና ጫማ ሰጧት። ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። በመንገድ ያገኘቻቸው ሰዎች ሰላምታ አልከለከሏትም። «እንኳን ወጣሽ» ይሏትና፣ ከብት የሚያባርር ሰው እንደሚቸኩል ሁሉ ቸኩለው ያልፋሉ። ከመረጧት ሽማግሌዎች አንዱ ብቻ ቆም ብለው የተላጨ ራሷን አዩና ነጠላ ቢጤ ጣል አድርጊበት፣ ፀሐዩ ይመታሻል አሏት።

ግቢው ውስጥ ልጆቹ ከአጥሩ ሥር ይጫወቱ ነበር። ከስተዋል፤ ግን ሁሉም አሉ። አንድ በአንድ እየሳመች ቆጠረቻቸው። ዘርፌ ወጥታ አቀፈቻት። ይርሳው እጅ ነሣና ወንበር አመጣላት። አያ ሙጬ ቤት ውስጥ፣ የጭቃው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስማ ጉልበታቸውን ስታቅፍ እጃቸውን በተላጨው ራሷ ላይ አኖሩት።

ዘርፌ ምግብ አቀረበች። ትኩስ የተቀቀለ ሩዝ ነበር፣ ወተት የፈሰሰበት። አንጓች ገና ሳህኑ እጇ ላይ ሳይደርስ ሽታውን አወቀችው። የደንቢያው የእርዳታ ሩዝ አቧራ አቧራ ይሸታል። ይህ ከተወቃ ብዙ ያልቆየ ነው። ፍሬው ያልተሰበረ፣ ረዥም፣ ሆዱ ሙሉ ነበር። የፅኑ ሩዝ ነው፤ የዚህ ዓመት ነው፤ የዚህ አፈር ነው። ሊኖር አይገባውም ነበር።

ዘርፌ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ይርሳው መሬት መሬቱን አየ። ምስክርነቷ ገና አልወረደላትም፤ እስከ ግንቦት ይቆያል። ያልታጨደ ሩዝ አይቶ ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው፣ የሰወረውም ሰው ከነልጆቹ ከመሬቱ እንደሚነቀል ሁሉም ያውቃሉ። ይህንን ሩዝ ከሌላ ሰው ፊት አድርገውት አያውቁም።

«ጓሮ፣ ከቲማቲሙ መረብ ሥር ነበር» አሉ አያ ሙጬ። «ጥቂት ናት። ይርሳው አይደለም፤ እኔ ነኝ የተውኳት።»

አንጓች አንድ ማንኪያ ጎረሰች። ቀስ ብላ አኘከች። ፍሬው ጥርስ ሥር ይመክታል፤ ኖራ የለበትም፣ ገለባ የለበትም። ይህ ሩዝ አመዴ ሳይነካው አብቦ፣ ቅጠሉ የሠራውን ሁሉ ወደ ፍሬው አውርዶ የደረሰ ሩዝ ነው።

«ሞልቶ ነበር» አሉ አባቷ።

«ይታያል።»

«አንዲት ነጥብ አልወጣበትም። እያንዳንዱን ቅጠል አይቻለሁ።» መልሰው ጠየቁ፤ እንደ ከሳሽ አልነበረም፣ ብዙ ጊዜ ብቻቸውን ሲያስቡበት የከረሙትን ነገር ነው የጠየቁት። «ዙሪያው ባይታጨድ ኖሮስ? ይሞላ ነበር?»

ልትመልስ የምትችለው መልስ ሁለት ነበር። ይሞላ ነበር ብትል ሜዳው በከንቱ ታጭዷል፤ ያቺ አራስም በከንቱ ሞታለች። አይሞላም ነበር ብትል ይቺ ጓሮ የተረፈችው ሌላው ሁሉ ስለታጨደ ነው፤ አባቷ የጎረቤቶቻቸውን ኪሳራ እየበሉ ነው። ሁለቱንም አስባቸዋለች፤ መስከረምን ሙሉ ነጭ ዛላ እያየች ያሰበችው ይህንኑ ነው።

«አላውቅም አባየ» አለች።

አያ ሙጬ ፊቷን አዩት። ከዚያ ከመደቡ ወረዱ፤ ጉልበታቸው እያመማቸው ወደ ድስቱ ሄዱ፤ ጭልፋውን ከዘርፌ እጅ ወሰዱና ሳህኗ ላይ ጨመሩላት።

«እንግዲያው ብዪ» አሉ።

በላች። ልጆቹን ጠሩና እነሱም ገብተው ከአንድ ሳህን ከእሷ ጋር በሉ።